የግራዝማቹ የብረት ጋን

ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ሆዴ ይገለበጣል። ልጆቼ ታክሲ ውስጥ ሲያስገቡኝ "እማማ ደግሞ ጀመራት" እያሉ መስኮቱን ያወርዱልኛል። የመኪና ሽታ የማይስማማኝ ይመስላቸዋል። መኪናማ እንጀራዬ ነበር፤ የሾፌር ሚስት ነበርኩ! እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ከሽታው ጋር ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ሰውዬ ነው። ከሞተ ቆይቷል። ሙት ወቃሽ አትበሉኝና እንደ ሆነው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ቤታችን ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ነበር። ከታደሰ ጋር ከተጋባን ገና ብዙም አልቆየንም። ታደሰ የአንድ ጣሊያን ነጋዴ ካሚዮን እየነዳ በድሬዳዋ አድርጎ እስከ ጅቡቲ ይመላለሳል። ሲሄድ ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ሲመለስ ደግሞ ቆዳው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ያን ጊዜ ሽታው አያስጠላኝም ነበር፣ እንዲያውም ባሌ በሰላም መግባቱን የሚነግረኝ እሱ ነበር።

በዚያ ሁሉ በረሃ ነዳጅ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሩቅ የሚሄድ ካሚዮን ሁሉ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ይታሰርለታል። ሾፌሮቹ ሰልባቲዮ ይሉታል። የታደሰን ሰልባቲዮ አብነት ሰፈር ያለ አንድ ቀጥቃጭ ከበርሜል ነው የሠራለት፤ ጣሳ የሚያስገባ ሰፊ አፍ ከነክዳኑ ነበረው። በኋላ ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ያ አፉ ነው።

ታዲያ ባንዱ ጊዜ አዲስ ደንብ መጣ። ጅቡቲ በፈረንሳዮቹ በኩል ነዳጅ ርካሽ ነውና ሾፌሩ ሁሉ ባዶውን ሄዶ ተጨማሪ ታንኩን ጢም አድርጎ እየሞላ ሲመለስ ጣሊያኖቹ ነቁ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ከሠራለት ሌላ ሰልባቲዮ ያንጠለጠለ መኪና ድንበር አያልፍም፤ ከተገኘ መኪናው ይወረሳል፣ ሾፌሩ ይታሰራል ተባለ። ታደሰም አለቃው ባዘዘው መሠረት ሰልባቲዮውን ፈታና ግቢያችን ውስጥ፣ አጥሩ ሥር አስቀመጠው።

"አስካለ" አለኝ ሊሄድ ሲል፤ "እዚህ ብረት አጠገብ እሳት ይዘሽ እንዳትመጪ።"

"ባዶ አይደል እንዴ?"

"እሱ ነው የሚፈራው። ሙሉው ቢነድ ይነድዳል፣ ባዶው ግን ይፈነዳል። ጠረኑ ብቻ ይበቃዋል። ባዶ ነው ብሎ ሊበይደው የሞከረ ጓደኛችን ነበረ፤ የቀረውን በነጠላ ለቅመን ነው የቀበርነው።"

"ደግሞ ጠረን ሰው ይገድላል?" ብዬ ሳቅሁ። ታደሰ አልሳቀም። "ነግሬሻለሁ" ብሎ ሄደ።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ግራዝማች ቦጋለ ይባላል። ድሮ ሰንጋ ተራ የከብት ደላላ ነበር፤ ግራዝማችነቱን የሰጠው ጣሊያን ነው። በሰፈራችን ላይ ተሾመና ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ትናንት የበሬ ጥርስ ፈልቅቆ የሚያይ ሰው የኛን ጓዳ እየፈለቀቀ ማየት ጀመረ። መሣሪያ ደብቃችኋል ተብሎ ወታደሮች ቤት ለቤት ሲበረብሩ ፊት ፊት የሚመራቸው እሱ ነበር። በዱላው "ያንን፣ ያንን ደግሞ" እያለ ያመለክታል፣ እነሱ በሰደፍ ይመታሉ። የልደታ ሴት ጋን አልቀረላትም። ከእናቴ የወረስኩት፣ ለሠርጌ የተጠመቀበት ጋን ዓይኔ እያየ ገል ሆነ። እሱ በስባሪው ላይ ተራምዶ ወጣ፤ ጫማውን ብቻ አየት አደረገ።

ታደሰ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ይኸው ሰው ከዘበኛው ጋር ግቢያችን ገባ። ሰልባቲዮውን በዱላው ኳ ኳ አደረገው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የታደሰ ነው፣ ግራዝማች። የካሚዮን።"

"ተጨማሪ ሰልባቲዮ! ክልክል መሆኑን አልሰማሽም? ይህን ቤቱ የደበቀ ሰው አንገቱ ለገመድ እንደሚሆን ታውቂያለሽ?"

"አለቃው ነው እዚህ አስቀምጠው ያለው" ብል ማን ሊሰማኝ።

"ለባልሽ ስል እኔ ወስጄ ለመንግሥት አስረክበዋለሁ። አንቺ ግን ስለዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳትይ። አንድ ቃል ከአፍሽ ቢወጣ ታደሰን አላተርፈውም።" ይህን ሲለኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ላቡ በቀሚሴ አልፎ ተሰማኝ። አሸክሞ ወሰደው፤ እኔም ባሌን እያሰብኩ አፌን ያዝኩ።

ግንቦት ልደታ ተቃረበ። በኛ ሰፈር ከዚያ የሚበልጥ በዓል የለም፤ ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ቅሞ፣ ጠላውን ቀማምሶ ነው የሚመራረቀው። በዚያ ዓመት ጋን የለ፣ ጠላ የለ፣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ግራዝማች ግን ጣሊያኖች ጋብዟል፣ ሰፈሩንም ና ብሏል ተባለ። ጠላውን እንዲጠምቁ የታዘዙት እትዬ በለጡ ነበሩ። እትዬ በለጡ የክርስትና እናቴ ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ፣ የዳሩኝም እሳቸው። በልደታ ጠላ ማለት እትዬ በለጡ ነው።

አንድ ቀን ጧት ውሃ ልቀዳ ስወጣ አንዲት ጎረቤቴ የግራዋ ቅጠል በነጠላዋ ሙሉ ታቅፋ ስትሮጥ አገኘኋት።

"ምነው በደህና?"

"ለእትዬ በለጡ ነው እባክሽ! ግራዝማች የብረት ጋን አምጥቶ በዚህ ጥመቁ አላቸው። ምን የመሰለ ጋን መሰለሽ፣ ክዳን ሁሉ አለው። አንድ ነገር ይሸታል እንጂ! ከትናንት ጀምሮ በግራዋ ብናጥበው፣ ብናጥበው አልለቅ አለ። አሁን በወይራ ሊያጥኑት ነው፣ እሱ ይለቀዋል ብለዋል።"

እንስራዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

የጠላ ቤት ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያ በፍም ላይ የወይራ ስንጥር ተደርጎ ጋኑ አፉን ጢሱ ላይ ይደፋል። ካልታጠነ ጠላ ጠላ አይሆንም። እትዬ በለጡ በዕድሜያቸው ሙሉ ያደረጉትን ነው ሊያደርጉ የተነሱት። ብረት ይሁን ሸክላ፣ ለእሳቸው የሚሸት ጋን መድኃኒቱ ወይራ ነው። ማን ነግሯቸው? የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ትንፍሽ ብትይ ባልሽ ይሰቀላል ተብያለሁ።

ከቤቴ እስከ ግራዝማች ግቢ፣ ወደ ሰንጋ ተራ መውጫ ድረስ፣ ነጠላዬ ከላዬ ወድቆ በቀሚስ ብቻ ሮጥኩ። ሰው "አበደች" ይላል። እኔ የማየው ጣራ ጣራውን ነው፤ ከዚያ አቅጣጫ ጢስ ይነሳ እንደሆነ።

በሩ ላይ ዘበኛው ጠመንጃውን አጋደመብኝ። "ወዴት ነው?"

"እትዬ በለጡን ላናግር ነው።"

"ግራዝማች ምግብ ላይ ናቸው።"

"እኔ ከግራዝማች ጋር ምን አለኝ? ሰውዬ፣ አሳልፈኝ!"

"ሳይፈቀድማ አይገባም።"

ከጠመንጃው በላይ አሻግሬ ሳይ ሁሉም ነገር ታየኝ። ሰልባቲዮው ከማድ ቤቱ ፊት በጎኑ ተጋድሟል፣ ክዳኑ ተከፍቶ አፉ ወደ ውጭ ነው። እትዬ በለጡ ራቅ ብለው ቁጢጥ ብለዋል። ፊታቸው ፍም የተሞላ ገል አለ፣ እፍ ይሉታል። ከአጠገባቸው የወይራ ስንጥር ተከምሯል።

"እትዬ! እሳቱን! እሳቱን ከዚያ ያርቁ!" ብዬ ጮህኩ።

እትዬ በለጡ ቀና አሉ። ግራዝማችም ከእልፍኙ ወጣ። ጉርሻው ከአፉ አላለቀም፣ እያላመጠ ነው፤ ቅባቱ በጢሙ ላይ ይወርዳል። "ማን ነች የምትጮኸው?"

"ግራዝማች፣ ያ ነገር ይፈነዳል! ጠረኑ እሳት ካገኘ እትዬ በለጡን አያተርፋቸውም! ስለ ልደታ ብለው እሳቱን ያስወግዱ!"

"ምን ነገር?"

ዘበኛውን አየሁ፣ እሱን አየሁ። ዝም ብል ታደሰ ይተርፋል፣ እሳቸው ይሞታሉ። "ሰልባቲዮው! የኛ ሰልባቲዮ! ለመንግሥት አስረክባለሁ ብለው የወሰዱት!" አልኩ። በቃ፣ ወጣ።

ግራዝማች ከት ብሎ ሳቀ። ከአፉ የሥጋ ፍንጣሪ ሲወጣ ዓይኔ አየ። "እንዲያ በይኛ! ንብረትሽን ለማስመለስ ነዋ! ባዶ ብረት ምኑ ይቃጠላል? ብረት ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ? ባልሽ ያስጠናሽ ተረት ነው።"

"ግራዝማች፣ ልጅቱ ውሸት አታውቅም። እኔ ነኝ ያሳደግኳት" አሉ እትዬ በለጡ።

"አንቺ ሴትዮ ሥራሽን ሥሪ። ያ ሽታ ሳይለቅ ለጣሊያኑ መኮንን ምን ላቀርብ ነው? አጥኚ!"

"ይቅርብኝ ግራዝማች። ሸክላ ይፈለግልኝ።"

"ሸክላ! የት አለ ሸክላ?" አለ። እንዲህ ሲል ጆሮዬን አላመንኩትም። ማን ሰበረውና! ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና "እንግዲያውስ ለመንግሥት ግብዣ አልሠራም አለች ብዬ ለመኮንኑ ልንገረው?" አላቸው።

በዚያን ዘመን ይህቺ ቃል ገመድ ማለት ናት። እትዬ በለጡ ፊታቸው አመድ መሰለ። ገሉን በጨርቅ ይዘው ተነሱ። ወደ ሰልባቲዮው አንድ እርምጃ ሄዱና ዞር ብለው አዩኝ።

"አስኩ፣ አንቺ ራቂ" አሉኝ። "ልደታ ታውቃለች። አንቺ ብቻ ራቂልኝ።"

እኔን ልጃቸውን ለማትረፍ ነው የሚያስቡት! ሊሞቱ ነው እኮ! ከዘበኛው ጠመንጃ ሥር ጎንበስ ብዬ ሾለክሁና ሮጬ ገሉን ከእጃቸው መነጨቅኩ። ጨርቅ አልያዝኩም። መዳፌ ቸስ ሲል ሰማሁት። ከማድ ቤቱ በር ላይ አተላ የሞላ እንስራ ነበር፤ ከነፍሙ እዚያ ውስጥ ወረወርኩት። እንስራው ፍርክስ አለና አተላው በግራዝማች ጫማ ላይ ፈሰሰ። ጣሊያን የሸለመው ጫማ! እጄ እየነደደ እንኳ ያቺን ነገር ሳያት ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

በጥፊ አጮለኝ። ወደቅሁ። "እሰራት!" አለ። ዘበኛው ከባሕር ዛፉ ግንድ ጋር አሰረኝ። "ሌላ እሳት! አሁን! ዓይኗ እያየ ነው የሚታጠነው!"

እትዬ በለጡ ሌላ እሳት ለማንደድ ገቡ። እኔ ታስሬ አያለሁ። ታዲያ እኚያ በክረምት ዝናብ እሳት የሚያነድዱ ሴትዮ እርጥብ እርጥቡን እንጨት እየመረጡ፣ እፍ የሚሉ መስለው በምራቃቸው እያጠፉ፣ "ምን ዓይነት እንጨት ነው ይሄ" እያሉ ሲቆጡ ሳይ ገባኝ። ጊዜ እየገዙ ነው። ግራዝማች በራፉ ላይ ቆሞ ጫማውን በነጠላ ጫፍ ይጠርጋል፣ ይሳደባል። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ራሱ ገብቶ ከሚስቱ ምድጃ ፍም በአካፋ ዝቆ ወጣ። አካፋውን ለእትዬ በለጡ ሰጣቸው። ልብ በሉ፤ እስከ ሰልባቲዮው አላደረሰውም። እሳቸውን "ሂጂ" አለና ራሱ ወደ እልፍኙ ግድግዳ ጀርባ ፈቀቅ አለ። ያን ጊዜ ፍርሃት ላይ ስለነበርኩ ነገሩን አላብላላሁትም።

የካሚዮን ጡሩምባ በሩ ላይ ጮኸ።

ታደሰ ነው! ከመንገድ ገብቶ ቤት ሲያጣኝ ያቺ ግራዋ የያዘችው ጎረቤቴ ነግራው፣ ከነአለቃው ነው የመጣው። አለቃው ለደሴ መንገድ ሰልባቲዮውን ፈልጎት ኖሯል። ጣሊያኑ ግቢው ውስጥ እንደገባ አፍንጫውን ነፋ፣ የተከፈተውን አፍ አየ፣ አካፋውን አየ። ፊቱ እንደ ሊጥ ነጣ። በራሱ ቋንቋ እየጮኸ ዘሎ አካፋውን ከእትዬ በለጡ እጅ ቀምቶ ከአጥር ውጭ ወረወረው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

ታደሰ እኔን እየፈታ ይተረጉማል። "ይህ ግቢ ሁሉ ጉድጓድ ይሆን ነበር ይላል። ይኼን እዚህ ማን አመጣው ይላል።"

"እኔ ነኝ" አለ ግራዝማች ቀጥ ብሎ፤ "ክልክል ስለሆነ ለመንግሥት ላስረክብ የያዝኩት ነው።"

ታደሰ ተረጎመ። ጣሊያኑ ትከሻውን ነቀነቀ። "ያ ደንብ ድንበር ለሚያልፍ መኪና ነው፣ ሰው ግቢ ለተቀመጠ ታንክ ማን ምን አለ? ይላል" አለ ታደሰ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ቀን አፌን ይዤ የከረምኩት፣ ባልሽ ይሰቀላል የተባልኩት በባዶ ነገር ነበር። ደንቡ እንኳ አልነበረም። አንድ ደላላ የጌቶቹን ደንብ ከድንበር አንስቶ ጓዳዬ ድረስ አምጥቶ ቸረቸረልኝ። ቱ!

ጣሊያኑ መሬት ላይ የተበተነውን ፍምና አተላ አየ፤ የመጀመሪያውን እሳት ማን እንዳጠፋው ጠየቀ። እኔ የተላጠ መዳፌን ይዤ ቆሜያለሁ። ግራዝማች እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እኔ ነኛ!" አለ። "እነዚህ ሴቶች ሊያጥኑት ሲሉ ደርሼ ከእጃቸው ነጠቅኋቸው። ይቺም እምቢ ብላ ስትታገለኝ ተቃጠለች። ምን ታድርግ፣ አታውቅም።"

ወይ ጉድ! አላፈረም፣ ዓይኑም አልተርገበገበም። ታደሰ ያንኑ ከመተርጎም በቀር ምን ያድርግ፤ ጣሊያኑ ተነስቶ ጨበጠው። በዚያ ላይ ግራዝማች ጭነት የሚጭኑ ሰዎች በነፃ እልክልሃለሁ አለው፤ ጣሊያኑም እየሳቀ ሰልባቲዮውን መረቀለት። "ለእናንተ ጠላ ይሆናል፣ ውሃ አብዝታችሁ እጠቡት" አለ። ለእናንተ! እንስሳ ውሃ የሚያጠጣ ነው የሚመስለው።

ቤት ስንደርስ ታደሰ እጄን ቅቤ ቀብቶ ጠቀለለልኝ። "እግዜር አተረፋቸው፣ ይበቃል። አሁን ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም" አለኝ። እኔ ግን ውስጤ ነቅዞ ነበር።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ግራዝማች ግቢ ዳስ ተጥሏል። ያልሄደ ሰው ይታወቃልና ሰፈሩ ሁሉ ሄደ። እኔንም ስሜን ጠርቶ አስጠራኝ። ከፊት ተቀመጪ አለኝ፤ የጠቀለልኩት እጅ እንዲታይለት ነው። ጣሊያኖቹ ወይናቸውን በጠርሙስ ይዘው መጥተዋል። ግራዝማች ከእነሱ መካከል ተቀምጦ ከእነሱ ወይን ይጠጣል። ለኛ ጠላው ከብረቱ በጣሳ እየተቀዳ ይታደላል። ያልታጠነ፣ ቤንዚኑ ያለቀቀው ጠላ! እትዬ በለጡ ይሸታል ቢሉት "ጌሾ ጨምሪበት" ነው ያላቸው።

እፍፍ! ዛሬም ሳስበው ምላሴ ይመረኛል። ላዩ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ቅባት ይንሳፈፋል። ሽማግሌዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ጎን እያደረጉ ይጎነጫሉ፣ ዓይናቸው እንባ ይሞላል፣ ያገሳሉ፣ አፋቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ምን ይላሉ? "የጠራ ጠላ ነው!" "የእትዬ በለጡ እጅ ይባረክ!" አንዱ ሽማግሌ "ግራዝማች፣ እንዲህ ያለ ጠላ በዕድሜዬ አልጠጣሁም" አለ። እሱስ እውነቱን ነው። እትዬ በለጡ ሙያቸው ባደባባይ ሲዋረድ ጥግ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ።

ግራዝማች ተነሳ። እኔን እንዴት ከሞት እንዳተረፈኝ መናገር ጀመረ። እሳቱን በባዶ እጁ እንደነጠቀ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ አሳየ፤ እንደ ሕፃን መቀመጫ የለሰለሰ መዳፍ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ በዋንጫ ያንን ነገር አስቀድቶ "በይ ጠጪና መርቂኝ" ብሎ ዘረጋልኝ።

ታደሰ ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተት አደረገኝ። ዋንጫውን ተቀበልኩ፣ አፍንጫዬ ድረስ አመጣሁት።

"ግራዝማች፣ ይሸታል" አልኩ።

ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። "ምን አልሽ?"

"ይሸታል! ቤንዚን ነው! ደግሞ ወግ አለ ግራዝማች፤ ጠላ የሚያቀርብ ሰው በመጀመሪያ ቀምሶ ነው የሚሰጥ። እርስዎ ከጧት ጀምሮ አልቀመሱትም። ይቅመሱልኝ።"

ወጉን የማያውቅ ሰው የለም። ሁሉም ዓይን ወደ እሱ ዞረ፣ ጣሊያኖቹም ምን ተባለ ብለው ሳቅ ሳቅ ይላሉ። ግራዝማች ዋንጫውን ከእጄ ተቀብሎ አየው፣ ፈገግ አለ። ከዚያ፣ ልደታ ምስክሬ ናት፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ እስከ አተላው ጠጣው። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ጨርሶ ጢሙን ላሰ።

"ግሩም ነው!" አለ። ዓይኑ ቀይ ሆኗል፣ እንባው ይወርዳል። "ምንም አይሸት! ግሩም ነው!"

የሚያዋርድ ሰው አይቻለሁ፣ የሚገድልም አይቻለሁ። ውሸቱ እንዳይነካ ብሎ ቤንዚን የሚጠጣ ሰው ግን አላየሁም ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደገና ራሳቸውን ሊነቀንቁለት ሲሉ፣ ከእንግዶቹ መካከል አጠገቡ የተቀመጠው ያ የታደሰ አለቃ ምኑንም ሳያውቅ ሲጋራ አፉ ላይ ሰካና ክብሪት ጫረ።

ግራዝማች ዘለለ! አፉን በሁለት እጁ አፍኖ፣ ወንበሩን ገልብጦ፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተላተመ። "አጥፋ! አጥፋው! ራቅ!" ይላል በጣቶቹ መካከል። አንድ ክብሪት ነው የፈራው።

"ባዶ ብረት ምኑ ይቃጠላል" ያለኝ ሰው! ያን ጊዜ የእልፍኙ ግድግዳ ትዝ አለኝ፤ አካፋውን ለእሳቸው ሰጥቶ ጀርባው የተሸሸገበት ግድግዳ። ተረት ነው ቢለኝም ልቡ ፈርቶ ነበር። ሊፈነዳ እንደሚችል እያወቀ ነው "ሂጂ" ያላቸው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? የዚያ ቀን ያወጣው ቤንዚን ነው።

በመጀመሪያ የሳቁት እትዬ በለጡ ናቸው። ጥግ ላይ ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሁሉም። ከዚያ ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ወይናቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጌቶቹ ስለሳቁ ማንን ብሎ ይቅጣ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ግራዝማች ክብሪት ሆነ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ፍርድ አገኘ ብዬ ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላገኘም። ጣሊያን ሲወጣ አርበኞችን ካበላና ካጠጣ በኋላ እንደገና ተሾመ። በልደታ ንግሥ ካባ ደርቦ ከፊት ይቆም ነበር፣ እኔም ከኋላ ቆሜ ጀርባውን አይቻለሁ። የጠሉትን ሁሉ አልፎ ሸምግሎ፣ አልጋው ላይ ሞተ። እትዬ በለጡም ግን በሰላም ነው የሞቱት፤ ብዙ ዓመት ጠምቀው፣ በሸክላ ጋን፣ በወይራ አጥነው፣ በእኔ እጅ ዓይናቸው ተከድኖ። ይህ ለእኔ ይበቃኛል።

እኔ ከዚያ ወዲህ የሚሸት ነገር ሲያቀርቡልኝ "የጠራ ነው" ብዬ አላውቅም። ባሌ "አፍሽ ያጠፋናል" ይለኝ ነበር፤ አላጠፋንም። ልጆቼም ክፉ አፍ አላት ይሉኛል። ይበሉ። መዳፌ ላይ ያለውን ጠባሳ ሲያዩ ይተዉኛል። እናንተም አንድ ቀን በዳስ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያደነቀ የሚጠጣው ነገር አፍንጫችሁን ቢያቃጥለው፣ እኔ ተሳስቼ ይሆናል ብላችሁ አትጎንጩ። ለአቅራቢው መልሱለትና ቅመስልኝ በሉት። ከዚያ ክብሪት የሚጭር ሰው አይጠፋም።